ሽንኩርቱ ከተጫነ በኋላ

ወደ መቂ የሚሄደው ሚኒባስ ከአዳማ መናኸሪያ ሲወጣ ዘርፉ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ አጥንት፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃና ከሰፈሯ በያጅ የተዋሰችው የብረት መጋዝ አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ሚልካ መጋዙን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እማዬ፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?»

«ውሾቹ ታስረው ቢሆንስ?»

«የታሰረ በገመድ ነው የሚታሰር። ገመድ ደግሞ በቢላዋ ይቆረጣል።»

ዘርፉ መስኮቱን ከፈተች።

ሚልካ ውሾቿ እንደተሰረቁ ነው የምታውቀው። አልተሰረቁም። ከሁለት ወር በፊት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ሰፈሩን ዞሮ «ውሻችሁን እሰሩ፤ መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ይወገዳል» ብሎ ነበር። መወገድ ማለት ምን እንደሆነ ዘርፉ አምና አይታለች፤ መርዝ የበሉት በጋሪ ሲጫኑ የአንዷ እግር ገና ይራገጥ ነበር። የሚልካ ሦስት ውሾች ደግሞ የኪራይ ግቢውን አጥር በየቀኑ ይሾልካሉ። ቡላ ባጃጅ አንድ እግሩን ጨፍልቆት የተነሳ ነው። ሻሼ ከቦይ ውስጥ የወጣች ናት። ጎፈር ልኳንዳ ቤት በር ላይ የፈላ ውሃ የተደፋበት ነው። ሚልካ እያንዳንዳቸውን ከመንገድ አንስታ፣ ወተት በማንኪያ እያጠጣች ከሞት መልሳቸዋለች።

ዘርፉ ግን ነገር ሳይደርስ የሚታያት ሴት ናት። ሦስቱም አረፋ ደፍቀው፣ ልጇ ሬሳቸውን አቅፋ ታየቻት። ስለዚህ እሷ ወጥ ቤት በምትሠራበት ሆቴል ምሳውን የሚበላው፣ መሬት እየተከራየ ሽንኩርት የሚያለማው ማናሴ «ለእኔ ይስጡኝ፤ አዋሽ ዳር ሰፊ እርሻ አለኝ፤ ጃርትና ከርከሮ አስቸግሮኛል» ሲላት፣ ሚልካ ኮሌጅ በዋለችበት ቀን የሦስቱንም ገመድ በእጁ አስጨበጠችው። ለልጇ «በር ከፍተው ወሰዱብን» አለቻት። ሚልካ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶአቸውን በየመብራት እንጨቱ ስትለጥፍ፣ ዘርፉ ሙጫውን ይዛ ከኋላ ተከትላታለች።

ትናንት ሞቲ የሚባል የቀን ሠራተኛ ከሽንኩርት መኪና አዳማ ላይ ወርዶ ወረቀቱን አየና ደወለ። «እነዚህን ውሾች አዋሽ ዳር አውቃቸዋለሁ። ሽንኩርቱ ሰኞ ተጭኖ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ እነሱ እዚያው ናቸው። ወንዙ እየሞላ ነው። አጎቴ ጉርሜሳ መንገዱን ያሳያችኋል።» ሚልካ በደስታ ጮኸች። ዘርፉ ግን ያልታሰረ ውሻ ባዶ ማሳ ላይ እንደማይቀር ገባት። ጓሮ ሄዳ ማናሴ ጋ አሥር ጊዜ ደወለች። አላነሳም።

ዓለም ጤና ወርደው በሞተር ሳይክል እስከ መጨረሻዋ መንደር ሄዱ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ዓሣ አስጋሪ ጉርሜሳ በራፉ ላይ መረብ ሲጠግን አገኙት።

«አካም ቡልተን። የውሾቹ ሰዎች እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን አባባ። በሕይወት አሉ?» አለች ሚልካ።

«ትናንት ሲጮሁ ሰምቻለሁ።» መረቡን አስቀመጠ። «በየዓመቱ ነው። ሽንኩርቱ ይጫናል፣ ውሻው ይቀራል። ለሚቀጥለው ከከተማ ሌላ ያመጣሉ። ሦስት ቀን ይጮሃሉ፤ በአራተኛው ዝም ይላሉ።»

«እርስዎስ እየሰሙ ዝም ይላሉ?»

«እኔ ውሻ አልነካም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሰንሰለት ደግሞ በጥርሴ አልበጥስም፤ ያሉኝም አራት ናቸው።»

ሰንሰለት ሲል ሚልካ ዞራ እናቷን አየቻት። ዘርፉ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

«ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?» አለች ጎንበስ እንዳለች።

«ሦስተኛው።»

ጉርሜሳ ገመድ በእጁ ጠቅልሎ ይዞ መንገድ መራቸው። ዝናቡ ግራር የበዛበት ሜዳ መሀል ያዛቸው። መጀመሪያ ነፋሱ አሸዋ አንስቶ ፊታቸውን ገረፈ፤ ቀጥሎ ሰማዩ ጠቆረ፤ ወዲያው በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ ወረደ። ራሳቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ሮጡ። አንድ ቦረቦር አፋፍ ሲደርሱ ጉርሜሳ ቆመ። ጠዋት ደረቅ የነበረው የጎርፍ ቦይ ቀይ ውሃ ሞልቶት፣ ግንድና የሞተች ፍየል እየገፋ ይወርዳል።

«ልጄ እዚህ አትገባም» አለች ዘርፉ። «ይወስዳታል።»

«አንቺ ከቤት ሳንወጣም ቀብረሽናል!» ሚልካ የጉርሜሳን ገመድ ከእጁ ነጥቃ ወገቧ ላይ አሰረች።

ሦስቱም በአንድ ገመድ ታስረው ገቡ። ውሃው ዘርፉን ጉልበቷን መታት፤ ወደቀች፤ ሰመጠች። ዘንቢሉ ከእጇ ወጥቶ ከነአጥንቱ ሄደ። ጉርሜሳ በገመዱ ጎትቶ ማዶ ሲያወጣት ከዘንቢሉ የመነተፈችውን መጋዝ በጥርሷ ነክሳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ደንገል ውስጥ ይገባል። ጉርሜሳ በድንገት እጁን አነሳ።

«ሮቢ» ሲል አንሾካሾከ።

የወንዙ ሙላት ያስወጣት ጉማሬ ግልገሏን ከኋላዋ አድርጋ መንገዱን ዘግታለች። ጉርሜሳ በእጁ ዝቅ በሉ አላቸው። ዝቅ አሉ። በዚህ መሀል ከደንገሉ ማዶ አንድ የደከመ፣ የሻከረ ጩኸት ተሰማ።

«ቡላ!» ሚልካ ሳታስበው ጮኸች። «ቡላዬ!»

ጉማሬዋ አፏን ከፍታ ዞረች።

«ፊጊ! ሩጪ! ዛፉ ላይ!»

ግራሩ ላይ ተንጠላጠሉ። እሾሁ መዳፋቸውን በሳ፣ የዘርፉን ጉንጭ እስከ ጆሮዋ ሰነጠቀው። ጉማሬዋ ግንዱን በግንባሯ ስትመታው ዛፉ እስከ ጫፉ ተናወጠ። ከዚያ ከሥሩ ቆመች፤ አልሄድ አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ከላይ ተቀምጠው የቡላን ጩኸት ሰሙ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይጮህ ነበር፤ ስሙን ስትጠራ ድምፅዋን አውቆ። በኋላ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ።

«እየጠራኝ ነው» አለች ሚልካ። «የት ቀረሽ እያለኝ ነው።»

ዘርፉ ዓይኗን ጨፈነች። እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ «ትወድቂያለሽ፤ አጥብቀሽ ያዢ» አለቻት።

ጉማሬዋ ግልገሏን ይዛ ወደ ውሃው ስትመለስ ወርደው ሮጡ።

ማሳው የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል። መግቢያው ላይ አንድ ችካል አለ። ዙሪያው መሬቱ ክብ ሆኖ ተፍቋል፤ ሰንሰለቱ አለ፤ አንገት የሚይዘው ወፍራም ሽቦም እንደተጠመዘዘ አለ። ሽቦው ላይ ትንሽ ቡናማ ጸጉር ተይዟል። ሌላ ምንም የለም።

«ጅብ ነው» አለ ጉርሜሳ። «ታስሮ ምን ያድርግ።»

ያ ጸጉር የጎፈር ነበር። ሚልካ ከሽቦው ላይ ነቅላ ኪሷ ከተተችው፤ አልቆመችም።

ሻሼ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ የፈረሰው የላስቲክ ዳስ ሥር ነበረች። ችካሉን ስታኝክ ሰንብታ ድዷ ደምቷል፤ ጭራዋን ለማንሳት ሞክራ አቃታት። ቡላ ታች ነው፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ፣ ወንዙ አፋፉን አልፎ በገባበት። በሦስት እግሩ ቆሟል። ውሃው ሆዱ ጋ ደርሷል። ሚልካን ሲያይ አልጮኸም፤ ተንቀጠቀጠ።

ሚልካ መጋዙን ይዛ ገባችና ሰንሰለቱን ከአንገቱ አጠገብ መቁረጥ ጀመረች። ዘርፉ ለሻሼ በመዳፏ ውሃ ስታጠጣ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ማናሴ ነው፤ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥሎ።

«እትዬ ዘርፉ! ምን እግር ጣለዎት?»

«የውሾቹን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ቁልፉ አለ። መጀመሪያ ሞተሩ ይውጣ።»

«ውሃው ሆዱ ጋ ደርሷል!»

«ሞተሩም ጋ ደርሷል። ለሦስት ሰው አይነሳም፤ አምስት ከሆንን ግን ቶሎ ነው። ይያዙልኛ።»

ሚልካ ከውሃው ውስጥ ቀና አለች። «አንተ እናቴን የት ታውቃታለህ?»

ማናሴ ሳቀ። «እንዴት አላውቃቸውም? እየመረቁ ገመዱን በእጄ ያስጨበጡኝ እሳቸው አይደሉ? አሁን ደግሞ እኔ ሌባ ልሆን ነው?»

የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ሚልካ እናቷን አየቻት፤ ዘርፉ ዓይኗን ማየት አልቻለችም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ መጋዙን በሙሉ ኃይሏ ሰንሰለቱ ላይ ጫነችው። ምላጩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ዘርፉ ሮጣ ሞተሩን ያዘች። ጉርሜሳም ያዘ። አምስት ሆነው ጎተቱት፤ ጭቃው ያሰምጣል፣ ትራክተሩ ከዳር ያጓራል፣ ሞተሩ የታሰረበት ገመድ መዳፏን ይልጠዋል። በእያንዳንዱ ጉተታ ወደ ታች ታያለች። የቡላ ጎድን። የቡላ ትከሻ። ሚልካ ተንበርክካ አገጩን በእጇ ወደ ላይ ይዛለች። ሞተሩ ደረቅ መሬት ሲደርስ ማናሴ መጀመሪያ ሞተሩን ዳሰሰ፤ ከዚያ ቁልፎቹን ወረወረላት።

ዘርፉ ውሃው ውስጥ ዘለለች። ሰንሰለቱ በጓጉንቸር የተቆለፈው ችካሉ ሥር ነው። ትንፋሿን ይዛ ሰመጠች። የመጀመሪያው ቁልፍ አልገባም። ሁለተኛው አልገባም። ሦስተኛው ገባ፤ ግን ጭቃው ውስጡን ሞልቶታል፤ አልዞርም አለ። ወጣች፣ ተነፈሰች፣ ሰመጠች። በሁለት እጇ አጠመዘዘችው። ቁልፉ ተቀንጥሶ እጀታው እጇ ላይ ቀረ።

«ከላይ ሌላ ውሃ እየመጣ ነው!» ጉርሜሳ ከዳር ጮኸ። «ውጡ!»

ውሃው የሚልካ ደረት ላይ ነው። ከላይኛው የወንዙ መታጠፊያ ዘርፉ ግንዶች ሲንከባለሉ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ በሐሳቧ የምታየው ነገር አሁን በዓይኗ ፊት ነበር።

«ልቀቂው።»

«አልለቅም!»

«ሚልካ፣ ልቀቂው!»

ዘርፉ የልጇን ጣቶች ከውሻው አንገት አንድ በአንድ ፈለቀቀች። ሚልካ እጇን ነከሰቻት፤ ጥርሷ አጥንት ነካ። ዘርፉ አልለቀቀችም። ብብቷን ይዛ፣ እየተረገጠች፣ ጭቃው ላይ ጎትታ አወጣቻት። ቡላ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ እነሱን ሲያይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ግንዶቹ መጡ።

የሻሼ ጓጉንቸር ደረቅ ስለነበር ወዲያው ተከፈተ።

«ኑ እንጂ፣ እስከ መንደሩ ላድርሳችሁ» አለ ማናሴ ከትራክተሩ ላይ። «ከመስከረም በኋላ ደግሞ እንደገና እተክላለሁ። ሰፈራችሁ ውሻ አይጠፋም መቼም።»

ዘርፉ ሻሼን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሄደች። የውሻዋ አጥንት አንገቷን ይወጋት ነበር። ቦረቦሩ ጋ ሲደርሱ ውሻዋን እንደያዘች ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ጉርሜሳ ትንሽ ቆሞ አየና ውሻዋን ተቀብሎ ራሱ ተሸከማት።

«አባባ፣ ውሻ አልነካም ብለው አልነበር?» አለች ሚልካ።

«ቤት ስደርስ እታጠባለሁ። ሰባት ጊዜ» አለና ውሃው ውስጥ ገባ።

አዳማ ከገቡ በኋላ ሚልካ እናቷን አላነጋገረቻትም። በማግስቱ ብቻዋን ወጥታ ወረቀቶቹን ከየመብራት እንጨቱ ላጠቻቸው። ዘርፉ እጇ ላይ የልጇ ጥርስ ቁስል ጠባሳ ሆነ።

መስከረም ሲገባ ድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና ተመልሶ መጣ። «ውሻችሁን እሰሩ፤ ያልታሰረ ውሻ ይወገዳል።» ጎረቤት በአጥር በኩል ለዘርፉ ገመድ አቀበለቻት። ዘርፉ ገመዱን ይዛ ወደ ሻሼ ሄደች። ሻሼ ገመዱን ስታይ መሬት ላይ ተለጥፋ ሸናች። አንገቷ ላይ ሽቦው የበላው ቦታ ጸጉር አላወጣም።

ዘርፉ ገመዱን በአጥሩ በኩል መለሰች። ሆቴሉ ጋ ደውላ አልመጣም አለች። በርጩማ ይዛ በሩ ላይ ወጣች፣ ሻሼን አጠገቧ አስቀምጣ እጇን የውሻዋ አንገት ላይ አደረገች። መርዝ ያለበት ሥጋ የሚጥሉት ሰዎች ሲመጡ ታያት፤ ስትጣላቸው ታያት፤ ከሥራ ስትባረር ታያት። አልተነሳችም።

ረፋዱ ላይ ሚልካ ወጣች። ብዙ ቆማ አየቻቸው።

«ዘመቻው ስንት ቀን ነው?» አለች። ከሰኔ ወዲህ የተናገረቻት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«አራት ቀን ብለዋል።»

ሚልካ ገብታ ሌላ በርጩማ አመጣች። ከእናቷ ጎን አልተቀመጠችም፤ ከሻሼ በዚያ በኩል ነው ያስቀመጠችው። እሷም እጇን የሻሼ አንገት ላይ አደረገች፤ የእናቷን እጅ ሳትነካ።