አምባሩን የጣለው አርማይ

በቀንደር ምድር ፀሐይ በእኩለ ቀን የመዳብ መልክ ይዛ በዋለችበት ዕለት፣ የሶርማን ገደል ተሻግሮ የመንግሥቱን ሁለት ወገን አገናኝቶ የኖረው ታላቁ ድልድይ በአንድ ጩኸት ፈረሰ። በገደሉ ወገብ ባለ ዋሻ የሚኖረው ዘረምባ የተባለ ብረት ለበስ አውሬ፣ የድልድዩን ልብ ነቅሎ ወስዶት ነበር። ልቡ የጥንት ግንበኞች ኃይላቸውን ያኖሩበት ሰማያዊ ድንጋይ ነው፤ ያለ እሱ በሶርማ ላይ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር አይያያዝም። ከማዶ ያሉ መንደሮች እህል ተቋረጠባቸው። ነፋስ ወዲህ በነፈሰ ቁጥር የልጆቻቸው ልቅሶ እስከ ቤተ መንግሥቱ ይሰማ ነበር።

ንጉሥ ወርዳንን ያሳሰበው ግን ይህ አልነበረም። ከማዶ አልፎ የቶልሳንን አገር ሊወጋ ሠራዊቱን አሰልፎ ሳለ መንገድ ተዘጋበት።

በዚህ ጊዜ የግንባር ጦር አለቃ የነበረው ወጣቱ አርማይ ዙፋኑ ፊት ቆመ።

«ንጉሥ ሆይ፣ አፍርስ ያሉኝን ሁሉ አፍርሻለሁ። ግንብ አፍርሻለሁ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት አፍርሻለሁ። ከእንግዲህ ይበቃኛል። ያሰናብቱኝና ግንበኛ ልሁን፤ ይህን ድልድይ ልሥራ።»

መኳንንቱ ሳቁ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። «በክንድህ ያለውን ዘነጋኸው?» አለው።

በቀንደር ወታደር ሁሉ ቀኝ ክንድ ላይ የመሐላ አምባር ይታሰር ነበር። አምባሩን ያሰረ በስለት አይሞትም፤ ቁስሉ ወዲያው ይገጥማል። ከንጉሡ ቃል በቀር የሚፈታው እንደሌለም ሁሉም ያምን ነበር።

«ድንጋዩን ከዘረምባ አስጥለህ አምጣልኝ» አለ ወርዳን። «ያን ጊዜ አምባርህን በአፌ እፈታልሃለሁ። በዙፋኔ እምላለሁ።»

ከአርማይ ጋር ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አብሮ አደጉ ኮልባይና በሠራዊቱ ውስጥ በእልኸኝነቷ የምትታወቀው ሰንጋር። የገደሉ መንገድ ከሰው ትከሻ የሚጠብ ነበር። ከአንድ ቋጥኝ ሥር አረፍ ሲሉ ኮልባይ፣ «እውን ጦሩን ትተህ ጭቃ ልታቦካ ነው?» አለው።

«አቦካለሁ። አንተስ ቢለቁህ?»

«እኔማ የሸማኔ ልጅ ነኝ። በእጄ ጦር ብይዝም በህልሜ የምወረውረው መወርወሪያ ነው።» ከት ብሎ ሳቀና ወደ ሰንጋር ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔ ከጦር ሌላ የማውቀው የለኝም» አለች ሰንጋር ፊቷን አዙራ። «ተነሱ፣ እንሂድ።»

ዘረምባን ከዋሻው ደጅ አገኙት። በጀርባው ላይ ለዘመናት የተወረወሩበት ጦሮች ቅርፊት ሆነው ያብለጨልጫሉ። ሰማያዊው ድንጋይ በእግሮቹ መካከል ነበር። አርማይ «ቆይ!» ከማለቱ በፊት ኮልባይ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ በአውሬው ጎን ላይ ቀለጠና አዲስ ቅርፊት ሆነ፤ ከዚያ የአውሬው ጅራት መጥቶ ኮልባይን ወደ ገደሉ ጠረገው። አምባሩ ከስለት እንጂ ከገደል አያድንም። የኮልባይ ጩኸት ወደ ታች እየራቀ ሄደና ጠፋ።

አርማይ ጦሩን አነሳ። እንባው ዓይኑን ጋርዶት ሳለ አዲሱን ቅርፊት አየ። ጦሩን ከእግሩ ሥር ጣለው።

«ለምን አትወረውርም?» አለ ዘረምባ፤ ድምፁ የወፍጮ ድንጋይ ይመስል ነበር።

«ብወረውር ትበረታለህ እንጂ አትደክምም። ድንጋዩን ስጠኝ።»

«ግንበኞች ድልድዩን የሠሩት ሰው እንዲገናኝበት ነበር። እናንተ ለጦርነት ረገጣችሁት። ለወታደር አልሰጥም።»

«ወታደር አይደለሁም።»

«ክንድህ እንደዚያ አይልም።»

አርማይ አምባሩን ጨበጠ። ሰንጋር ዘልላ ያዘችው። «ተው! ያለ ንጉሡ ቃል አይፈታም። ቢፈታም የዳኑልህ ቁስሎች ሁሉ ይመለሱብሃል!»

«ይመለሱ። የእኔው ናቸው።» ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኔ አርማይ ለወርዳን የማልኩትን መሐላ በገዛ አፌ ሻርኩ! ከዛሬ ጀምሮ እጄ የእኔ ነው!»

አምባሩ ተሰንጥቆ ወደቀ። የድሮ ቁስሎቹ ባንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ በድን ሆነ። ሰንጋር ነጠላዋን ቀድዳ ደሙን ስታቆም፣ ዘረምባ ድንጋዩን በአፍንጫው ገፍቶ ወደ እነሱ አቀረበውና ወደ ዋሻው ገባ። አርማይን ከቁስሉ ይልቅ ያመመው የኮልባይን ደም ሳይበቀል መመለሱ ነበር።

በቤተ መንግሥቱ ንጉሡ ድንጋዩን አይቶ ተነሳ። «ጀግናዬ! የሠራዊቱ ሁሉ አለቃ አድርጌሃለሁ። ድልድዩ እንደቆመ እንዘምታለን። አዲስ አምባር አምጡለት!»

«በዙፋንዎ ምለው ነበር።»

«የማልኩት እኔ፣ የማፈርሰውም እኔ!»

«እንግዲያው እኔም የእኔን አፍርሻለሁ» አለ አርማይ። በግራ እጁ በድኑን ክንድ ከፍ አድርጎ ወደተሰለፉት ወታደሮች ዞረ። «ጓዶቼ፣ የሚፈታው የንጉሡ ቃል ነው ያሉን ውሸት ነው። የሚፈታው የራሳችሁ ቃል ነው። ያማል፤ አልዋሻችሁም፣ ክፉኛ ያማል። ግን ይፈታል።»

«ያዙት!» ብሎ ጮኸ ወርዳን። የተንቀሳቀሰ አልነበረም። «በአንድ እጁ ምን ሊገነባ ነው?» አለ ንጉሡ።

ወዲያው የብረት ድምፅ ተሰማ። ሰንጋር መሐላዋን በገዛ አፏ ሽራ አምባሯ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። የድሮ የጭን ቁስሏ ተከፍቶ በአንድ ጉልበቷ ወደቀች፤ ጥርሷን ነክሳ ተነሳች። «ይኸው ሁለት እጅ ጨመርኩለት» አለችና ድንጋዩን አቀፈች። እያነከሰች ስትወጣ ከኋላዋ ሌላ አምባር ወደቀ፤ ከዚያም ሌላ። ንጉሡ ሠራዊት አልቀረለትምና ዘመቻው በዚያው ቀረ።

ድልድዩን የሠሩት አንካሶችና ጣት የጎደላቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ቁስላቸው ሲከፈት ሞተው፣ ከኮልባይ ስም ጋር ስማቸው በድልድዩ ላይ ተቀረጸ። ሰማያዊው ድንጋይ በቦታው በገባበት ማለዳ ከማዶ አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ቀድማ ተሻገረች። ጠባሳ የሞላባቸውን ሰዎች ባየች ጊዜ ደንግጣ ቆመች።

«ወታደሮች ናችሁ?» አለች ልጆቿን ወደ ኋላዋ እየሸሸገች።

ሰንጋር ጭቃ የለበሱ እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት።

«ግንበኞች ነን፣ እናቴ። እለፉ።»