የነሐሱ እጀታ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ የተገኙት በምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ፣ በግራ ጎናቸው ተጋድመው ነበር። ኮታቸውን አላወለቁም፤ የቤቱ ቁልፍ በደረት ኪሳቸው ነው። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም በገዛ ቤታቸው ውስጥ በትር ይዘው አያውቁም። «የኔ ዓይን እዚህ ነው» እያሉ ጣቶቻቸውን ያሳዩ ነበር።

ቤቱ በአሮጌው ሰፈር ካሉት ሁሉ ትንሹና አንጋፋው ነው። የሸክላ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብ። አርክቴክቱ ልጃቸው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አድሶት፣ የአሮጌ ቤቶች እድሳት ሽልማት ዳኞች ጎብኝተውት በሄዱበት ቀን ነው አባት የሞቱት።

የጣቢያው አዛዥ ለመርማሪዋ ነገሩን በስልክ ባጭሩ ነገራት።

«አናጢው የምድር ቤቱን በር ሳይቆልፍ ሄደ። ሽማግሌው መታጠቢያ ቤት ነው ብለው ገቡ፣ ወደቁ። ልጁ የነገረን ይህን ነው። አናጢውን ይዘነዋል።»

«ታዲያ እኔን ምን አስጠራኝ?»

«ሴት ልጃቸው። ‹አባቴ በር አይሳሳትም› ብላ ከጣቢያው አልወጣም አለች።»

ባልደረቦቿ መርማሪዋን «ዝግታ» ይሏታል። ስትራመድም ስትናገርም አትቸኩልም። ያን ቀንም በቤቱ ኮሪደር መሃል ለረጅም ጊዜ ቆመች። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ናቸው። የምድር ቤቱ በር ከጥንቱ የተረፈ፣ ከባድና ጥቁር፤ እጀታው ቀጥ ያለ ብረት። የመታጠቢያ ቤቱ በር አዲስ፤ እጀታው ግን አሮጌ ነሐስ፣ እንደ ቅጠል የተጠቀለለ። ዓይኗን ጨፍና ሁለቱን ዳሰሰች። አንዱ ሌላውን አይመስልም።

አርክቴክቱ ከኋላዋ መጣ። ፊቱ ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ እጆቹ ግን ማረፊያ አጥተዋል።

«እድሳቱን ስጀምር አባባ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመኑኝ» አለ። «‹የመታጠቢያ ቤቱን እጀታ አትንካብኝ› አሉ። አልነካሁትም። በሩ በስብሶ ስንቀይረው እንኳ እጀታውን መልሰን ገጠምነው።»

«አባትዎን ያገኙዋቸው እርስዎ ነዎት?»

«ዳኞቹን ሸኝቼ ስመለስ የምድር ቤቱ በር ተከፍቷል። ሮጬ ወረድኩ። አልፈው ነበር። ወዲያው ደወልኩ። ያ አናጢ በሩን ቢቆልፈው ኖሮ...» ቃሉን አልጨረሰውም።

መርማሪዋ አውራ ጣቷን በነሐሱ ላይ አሳለፈች። ከላይ ልሙጥ ነው። ከሥር ግን አውራ ጣት ሙሉ የሚያርፍበት ጎድጓዳ አለ።

እህትየው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ያለቀሰችበት ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። «እድሳቱ እስኪያልቅ እኔ ቤት ነበሩ። ነገ ነበር ልመልሳቸው የተባባልነው። ጠዋት ግን ‹ቤቴ ናፈቀኝ› እያሉ ሲነዘንዙኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ‹እንግዲያው ተነሡ› አልኳቸው።»

«ወደ ውስጥ አስገባሻቸው?»

«በር ላይ ትቻቸው ተመለስኩ። ከጋሼ፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል፤ ፊቱን ማየት አልፈለግኩም። እጃቸውን ይዤ ባስገባቸው ምን ነበረበት? በሩን ከፍተው ሲገቡ እንኳ ዘወር ብዬ አላየሁም።»

«ወንድምሽ እንደሚመጡ ያውቅ ነበር?»

«ከየት ያውቃል? አልደወልኩለትም።»

የአርክቴክቱ ሚስት ከጓሮ አበቦቹ መሃል ቆማ ነው ያናገረቻት። እሷም ራሷን ስትከስ ነበር።

«‹ዓይናቸው ለማያየው ቤት ይህን ያህል መልፋት ለምን?› ብዬ ነበር አንድ ቀን። ሰምተውኛል። ሟች አይወቅስም፤ እኔ ግን ራሴን እወቅሳለሁ።»

«ከገበያ ስትመለሺ ምን አየሽ?»

«ባሌ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኳል። ወገቡ የተቆረጠ መሰለኝ። ‹ምን ሆነህ ነው?› ስለው ብድግ አለና ‹አባባ ወድቀዋል፣ ደውዪ!› አለኝ። የደወልኩት እኔ ነኝ።»

«የተንበረከከው በየትኛው በር ፊት ነው?»

ሚስትየው ጥቂት አሰበች። «በመታጠቢያ ቤቱ።»

ከዚያ መርማሪዋ ወደ ጣቢያው ሄደች። አናጢው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ዳኞቹ ምድር ቤቱን ያያሉ ስለተባለ ቁልፉን ለአርክቴክቱ አስረክቤ ነው የወጣሁት» አለ። «‹ሲወጡ ይቆልፉት› ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እመቤቴ። ሽማግሌው እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።»

«የነሐሱን እጀታ የገጠምከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ያን ቀን አባባ ቤቱን ሊጎበኙ መጥተው ነበር፤ እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ እየዳሰሱ ‹እንደ ድሮው ነው፣ እንደ ድሮው› ይሉ ነበር።»

ከመሄዷ በፊት ሁለት ስልክ ደወለች፤ አንዱን አስከሬኑን ለመረመረው ሐኪም፣ አንዱን ከዳኞቹ ለአንደኛው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በዚያው ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አናጢው ከጣቢያ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። አርክቴክቱ ራሱ የነደፈው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ከጎኑ፣ እህቱ ከፊት ለፊቱ።

«ሦስት ሰው ‹ጥፋቱ የኔ ነው› አለኝ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ጣቱን ወደ ሌላ ሰው የቀሰረው አንድ ብቻ ነው። ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ ከየት እንደምጀምር ግን አሳየኝ።»

አርክቴክቱ ወለሉን አየ።

«አባታችሁ በር አልተሳሳቱም። እጃቸው ነሐሱን አገኘና ከፈቱ። ነሐሱ ግን ያን ቀን የነበረው በምድር ቤቱ በር ላይ ነው።»

«ይህማ አይሆንም» አለ አርክቴክቱ፤ ድምፁ ቀጠነ።

«አንዱን ዳኛ ጠይቄያለሁ። ጥንታዊው የምድር ቤት በር ከጥንታዊ የነሐስ እጀታው ጋር እንዴት እንዳማረ ነገረኝ። አዲስ በር ላይ አሮጌ ነሐስ፣ አሮጌ በር ላይ አዲስ ብረት፤ ዳኛ ፊት ደስ አይልም። ስለዚህ እርስዎ ለጉብኝቱ ብቻ እጀታዎቹን አቀያየሩ። አባትዎ የሚመጡት በማግስቱ ነበር። ‹ማታ እመልሰዋለሁ› ብለው አሰቡ። ክፋት አልነበረበትም፤ እስከዚህ ድረስ።»

እህትየው ወንድሟን እንጂ መርማሪዋን አታይም።

«ዳኞቹን ሸኝተው ሲመለሱ አባትዎ ወድቀዋል። ሰው እንዳያውቅ እጀታዎቹን መለሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ነሐሱን ገልብጠው ገጠሙት። የአባትዎ አውራ ጣት ዕድሜ ልኩን የቦረቦረው ጎድጓዳ ከላይ መሆን ሲገባው ዛሬ ከሥር ነው። አናጢው ሲገጥመው ሽማግሌው ራሳቸው እየዳሰሱ ‹እንደ ድሮው ነው› ብለዋል። ሚስትዎም ስትገባ ያገኘችዎት በመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ተንበርክከው ነው። አባቱ ምድር ቤት የወደቁበት ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

ሚስትየው እጇን ከባሏ ክንድ ላይ ቀስ ብላ አነሣች። ከመርማሪዋ ጋር ስታወራ በባሏ ላይ እንደመሰከረች ያወቀችው አሁን ነው።

«ካቻቪቴው ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ አርክቴክቱ። «እሺ። አደጋ ነው። ሰው አፈርኩ። ለሰው ማፈር ወንጀል ነው?»

«ንጹሕ ሰው አሳስረዋል። ደግሞ አንድ ነገር ቀረ። ሐኪሙ አባትዎ ወዲያው አልሞቱም ይላል። ደም ፈሷቸዋል፤ ቶሎ ቢደረስላቸው ተስፋ ነበራቸው። እርስዎ ሲገቡ እሳቸው ዝም ብለው ነበር?»

አርክቴክቱ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ» አለች እህቱ። «አባባ ተናግረው ነበር?»

ካንገቱ ቀና አላለም። ሲናገር ለእሷ ብቻ ነበር።

«የእግሬን ኮቴ ሰሙ። ‹ማነው?› አሉ። ‹መጣሁ አባባ› አልኳቸው። ከላይ አየኋቸው፤ ተጋድመዋል፣ ግን ይናገራሉ፤ እንግዲያው ደህና ናቸው ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቢቆዩ ምንም አይሆኑም ብዬ። መጀመሪያ እጀታውን... ሁለቱንም መፍታት ነበረብኝ። ብሎኑ እምቢ አለኝ።»

«ሌላ ምን አሉህ?»

«ተይ።»

«ንገረኝ።»

«‹ልጄ፣ ቀስ ብለህ ውረድ› አሉኝ። ‹ደረጃው ያዳልጣል።›»

አናጢው ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ ውጭ ወጣ። እህትየው ተነሥታ ወንድሟ አጠገብ ደረሰች፤ የምትመታው መስሏት መርማሪዋ እንኳ ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር። እሷ ግን ከፊቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቱን ይዛ አለቀሰች። እሱ ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ ፀጉሯ ጋ ሳይደርስ መልሶ ሰበሰበው።