የበሩ ሴንሰር ለምን ቀድሞ ደከመ?

ኢንጂነሩ በኮምፒውተር የሠራውን የስሌት ሞዴል ሲወደው ለጉድ ነው። በሰፊው የቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ የተተከሉት ገመድ አልባ ሴንሰሮች የአፈሩን እርጥበት ይለካሉ፤ ከዚያ አንዱ ለጎረቤቱ እያቀበለ መረጃውን በሩ ላይ ወዳለው መቀበያ ያደርሱታል። የእሱ ሥራ የእያንዳንዱ ሴንሰር ባትሪ እስከ መቼ እንደሚቆይ በኮምፒውተር አስቀድሞ ማስላት ነው። ሞዴሉ ሁሉም እስከ ለቀማ ይደርሳሉ ብሎ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው ሴንሰር ግን ቲማቲሙ ገና ሳያብብ ድርግም አለ፤ በእሱ በኩል የሚያልፈው የሌሎቹ መረጃም አብሮ ቀረ።

«ባትሪው ተበላሽቶ ነው የሚሆነው» አለ ለአለቃው፣ ለአንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ።

«የማቀበሉን ወጪስ ቆጥረኸዋል?» አሉት ሴትዮዋ።

«የሌላውን መልእክት ማሳለፍ እኮ ነው። ምን ያህል ይፈጃል ብለው ነው?»

«እስቲ እንደገና እየው» ብለውት ሄዱ።

ኢንጂነሩ ወዲያው ስልኩን አንስቶ እትዬ ጋ ደወለ። እትዬ ታላቅ እህቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ፣ ከእናታቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራ። እናትየው ጆሯቸው ትንሽ ስለከበደ ከልጆቹ አንዱም እሳቸው ጋ አይደውልም። መጮህ ማን ይወዳል? ሁሉም ነገር በእትዬ በኩል ነው።

«እትዬ፣ እሁድ አልመጣም፤ ለእማ ንገሪልኝ።»

«እሺ የኔ ጌታ፣ እነግራ...» አለችና ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብሎ ተወው፤ አይ ወንድም!

ማምሻውን ወደ ሱቋ ጎራ ሲል የስፌት መኪናው ተሸፍኗል፤ የእትዬ ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። መርፌው ጣቷን በስቶ ወጥቷል። ሐኪሙ ጣቱ እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል ብሏታል።

«እንዴት ሆነ?»

«ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ስሰፋ ነዋ።»

«የማን ስልክ?»

እትዬ አየችውና ፈገግ አለች። «ተወው ባክህ፣ ያው የናንተው ነው።»

ኢንጂነሩ አንገቱን ደፋ። ወዲያው የእትዬ ስልክ ጮኸ፤ እሷም በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ልታነሳው ዘረጋች። ቀድሟት ያዘው።

«ግን መቼ ነው የምታርፊው?»

«ባይደወልም እኮ ጆሮዬ አያርፍም። አንዳችሁ ትደውሉ ይሆናል እያልኩ ተኝቼም እሰማለሁ።»

ይህች ቃል ልቡን ነካችው። ሴንሰርም ባትሪውን የሚጨርሰው መልእክት ሲልክ ብቻ አይደለም፤ ይመጣል ብሎ ነቅቶ ሲጠብቅም ነው። በማግስቱ ማቀበሉንም መጠበቁንም ሞዴሉ ውስጥ አስገባ። ኮምፒውተሩ ላይ የበሩ ሴንሰር የባትሪ መስመር ቁልቁል ወረደ፣ ልክ በእውኑ እንደሆነው። አለቃውን ይቅርታ ጠይቆ፣ ሴንሰሮቹ በሩ አጠገብ ተጨማሪ ረዳት እንዲኖራቸውና በየተራ እንዲያንቀላፉ አደረገ።

ከዚያ ወንድምና እህቶቹን ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለእማ የምንለውን ራሳችን እንበል» አላቸው።

«እትዬ ምን ደከማት? ደስ እያላት እኮ ነው» አለ ሾፌሩ ወንድሙ።

«ደስ ቢላትም ያልቅባታል። ጣቷን ሄደህ እየው።»

ሾፌሩ ሄዶ አየ፤ ተመልሶም «እሺ፣ ራሳችን እንደውል» አለ።

ኢንጂነሩ እሁድ ጠዋት እናቱ ጋ ደወለ።

«ማን ልበል?» አሉ።

«ልጅሽ ነኝ እማ!»

«የትኛው?»

ጮክ ብሎ ስሙን ነገራቸው።

«ውይ፣ አንተ ነህ? እህትህ ምን ሆነች?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አልሆነችም። ተኝታለች።»

«እሰይ፣ ትተኛ» አሉና፣ «በል አንተ አውራኝ» አሉት።

እናንተም ቤት እንዲህ የሁሉንም ቃል ስታመላልስ የምትውል አንዲት እትዬ አትጠፋም። አልደከመኝም ትላችኋለች፤ አትመኗት። ለእናታችሁ ራሳችሁ ደውሉ፣ ትንሽ መጮህ ብቻ ነው።