ብስክሌቱ ያልገባበት ካርቶን

የጭነት ወኪሉ ካርቶን ሊወስድ መጥቶ ሬሳ አገኘ። የብስክሌት ክለቡ መካኒክ፣ ሰው ሁሉ «ካቻቢቴ» እያለ የሚጠራው ሽማግሌ፣ በጥገና ክፍሉ ውስጥ መሰላል ግርጌ በጀርባው ተዘርግቷል። ከመሰላሉ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ባዶ ካርቶኖች ተደርድረዋል። አጠገቡ ደግሞ ወደ ሩቅ አገር ውድድር በአውሮፕላን የሚሄደው ብስክሌት በትልቅ ካርቶን ታሽጎ፣ ዙሪያውን ፕላስተር ተጠቅልሎበት ቆሟል። ከዚህ ሁሉ የሚነበበው ቀላል ነው፤ ሽማግሌው ካርቶን ሊያወርድ ወጣ፣ አዳለጠው፣ ሞተ።

ቀላል የሚመስል ነገር ግን ዋና መርማሪዋን ያሳክካታል። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚል ስም ያወጡላት አለምክንያት አይደለም። ሴትየዋ ሻይ ሲቀርብላት እንኳ ስኳሩ ለምን አነሰ ሳትል አትጠጣም ይባላል። በሩ ላይ ቆማ መሰላሉን፣ ሟቹንና ካርቶኑን ተራ በተራ አየችና ነገሩ አልጣማትም። ካርቶን ሊያወርድ ወጣ እንዳይባል፣ ካርቶኑ ወርዶ ታሽጓል። አሽጎ ከጨረሰ በኋላ ምን ሊያደርግ ወጣ?

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ብድግ አለ። «የጭንቅላቱ ቁስል የማዕዘን ቅርጽ አለው፤ ብረት የመታው ይመስላል። የሞተውም ትናንት አመሻሽ ነው» አላት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳሰሰችው። መሰላሉ ሥር ያለው ቦታ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ የተነጠፈ ነው፤ እንኳን የሰው ጭንቅላት እንቁላል ቢወድቅበትም ላይሰበር ይችላል። ከዚያ ቀና ስትል የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተበየደውን ትልቅ የብረት መያዣ ሞርሳ አየች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ በግራሶ ጠቁሯል፤ የሞርሳው አንድ ጥግ ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

የጭነት ወኪሉ ውጭ ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ አገኘችው።

«በሩን ማን ከፈተልዎት?»

«ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት። ምነው እግሬን በሰበረው! ገብቼ ሳየው ጮህኩ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ሞቶ ስለ ካርቶን ማውራት ነውር ነው፤ ግን እሜቴ፣ ይሄ ካርቶን አይሄድም። ከትልቁ አውሮፕላን ወርዶ ወደ ትንሿ ነው የሚዛወረው፤ በበሯ አይገባም። ትናንት ጠዋት፣ በረራው ተቀድሞ ወደ ዛሬ ማታ መምጣቱን ለካቻቢቴ ስነግረው ይሄንንም ነግሬዋለሁ። ‹አውቃለሁ፣ ትንሹን አዘጋጅቻለሁ› ነው ያለኝ።»

«ለሌላ ሰውስ ነግረዋል?»

«ለማን ልንገር? የሚያሽገው እሱ!»

መርማሪዋ ተመልሳ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ ትንሽ ካርቶን ታቹ በፕላስተር ተለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንዲት የታጠፈች የካርቶን ቁራጭ፣ በመቀስ ተስተካክላ ተቀምጣለች። ለምን እንደሆነች አልገባትም፤ ግን ሰውየው ትንሹን ካርቶን ከነመጠቅለያው አዘጋጅቶ ሲያበቃ ትልቁን የሚያወርድበት ምክንያት አልነበረውም። ይሄን ብስክሌት ያሸገው ሌላ ሰው ነው።

የሟች የእህት ልጅ የግቢው ጥግ ላይ፣ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ ነበር። በክለቡ «ፌንጣ» ይሏታል፤ መጨረሻው መስመር ሲቀርብ ከኮርቻዋ ብድግ ብላ ስትፈናጠር ላየ ስሙ ይገባዋል። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት ይህ አጎቷ ነው። ዛሬ ማታ መብረር ያለባት እሷ ናት፤ ብስክሌቷ ካልተጫነች ደግሞ ውድድሩ የለም።

«ጋሼ መሰላል አይወጣም» አለች ሳትጠየቅ። «ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ከላይ የሚፈልገውን የምናወርድለት እኔና ተጠባባቂዬ፣ ዝምታ የምንላት ልጅ፣ ነን። ለፖሊሶቹ ስነግራቸው ‹ምናልባት ትናንት ወጥቶ ይሆናል› ይሉኛል።»

«እኔ አምንሻለሁ፣ ልጄ። ብስክሌቷን መቼ ሰጠሽው?»

«ትናንት ከሰዓት። የውድድሯ ብስክሌት አሰልጣኛችን ቤት ነው የምትቀመጠው፤ እዚህ ሌባ ይገባል ይላል። በረራው መለወጡን ጋሼ ሲነግረኝ ሄጄ ከሚስቱ ተቀበልኩ። እሱ ስብሰባ ላይ ነበር።»

«አጎትሽ ከዚህ በፊት ነክቷት ያውቃል?»

«አያውቅም። አሰልጣኙ ‹አዲስ ናት፣ ጥገና አትፈልግም› እያለ አያስነካውም ነበር። ጋሼ በዚህ ሆዱ ሻክሮ ነበር የከረመው።» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ጥቁር ግራሶ ጉንጯ ላይ ቀረ። «በሷ ያልቀደምኩበት ውድድር ግን የለም። ማጣሪያውንም ዝምታን በአንድ ጎማ በልጬ ገባሁ።»

በአንድ ጎማ! የመርማሪዋ ጆሮ ቆመ። በአንድ ጎማ ተሸንፎ አገር ቤት የቀረ ሰው ቂም ባይዝ ነው የሚገርመው።

ተጠባባቂዋ ዝምታ ስሟን የወረሰችው ከምላሷ ነው። ቃል ከሷ ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይቀልም።

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ?»

«ቤት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ፌንጣን ትጠያታለሽ?»

«የምጠላው እሷን አይደለም» አለች ልጅቷ። «ዳገት ላይ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምቀድማት። ድንገት ክንፍ አወጣች። እኔ ሳንባዬ ሊወጣ ሲደርስ እሷ ላብ እንኳ አልነካትም። እንዴት እንደሆነ ባውቅ አንድ ነገር ነበር።»

መርማሪዋ የሰማችውን ሁሉ እያመላለሰች ሳለ አሰልጣኙ ራሱ መጣ። ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች የድሮ ብስክሌቱን ተደግፎ አፉን ሞልቶ ያወራ ጀመር።

«አፈሩን ያቅልለት፤ ጥሩ ሰው ነበር። ግን ልጅቷ ትሂድ! ቢነሳ እሱ ራሱ የሚለው ይሄንኑ ነው። ካርቶኑን በመኪናዬ ኤርፖርት አደርሰዋለሁ።»

«ትንሿ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም እያሉ ነው።»

«እ?» አለና ለአፍታ ተደናቀፈ። «እንግዲያስ መንገድ ላይ አስቀይረዋለሁ። የማውቀው ሰው አለ።»

«እዚሁ ሊቀየር ሲችል ለምን መንገድ ላይ?»

«ጊዜ የለንማ!» ሳቅ ብሎ ወሬ ለወጠ። «ይቺን አሮጌ አይተው አይሳቁብኝ። ወጣትነቴን የጨረስኩት በሷ ነው። የሽቦ ፍሬን ነው ያላት። የዛሬዎቹ የዘይት ፍሬን ይላሉ፤ እኔ አላምነውም፣ አልነካውምም።» ሲያወራ ጣቶቹ የብስክሌቷን ፍሬን ይጨብጣሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይጨብጣሉ። ምናልባት እሱ ራሱ አያውቀውም።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ ትልቁን ካርቶን አስከፈተችና ዝምታን ጠራቻት። «መንገድ እንደሚወጣ አድርገሽ ግጠሚልኝ» አለቻት። ልጅቷ ብስክሌቱን ስታወጣ ግንባሯን ቋጠረች። መሪው ተጠምዟል፣ ጎማዎቹና ፔዳሎቹ ወልቀዋል፤ የኮርቻው ዘንግ ግን ከነኮርቻው እንደቆመ ነው።

«ይሄ ሳይነቀል ነው የታሸገው» አለች። «ለዚህ ነዋ በትንሹ ያልገባው። ግን ዘንጉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ጋሼ ዘንጉን ከመንቀሉ በፊት ነው ቁመቱን እንዳይስት በዚህ ምልክት የሚያደርገው።»

«ምልክቱ ዘንጉ ከሚገባበት ቱቦ አፍ ጋር መግጠም የለበትም?»

«አለበት። አሁን ግን አውራ ጣት ያህል ወደ ላይ ሄዷል።»

ተነቅሎ ተመልሷል ማለት ነው። ዝምታ የፊተኛውን ጎማ አንስታ ልታስገባ ሞከረች። አልገባም። ጎንበስ ብላ አየችና ከንፈሯን መጥጣ «ኧረ! የፍሬኑ ሸራዎች ተጣብቀዋል» አለች። «ጎማው ወልቆ ሳለ ሰው ፍሬኑን ጨብጧል። የዘይት ፍሬን ጎማ ሳይኖር ከተጨበጠ ሸራው ይገጥምና አይመለስም። ለዚህ ነው ጋሼ መሀላቸው ካርቶን የሚሰካው።» እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘርግታ ያቺን የታጠፈች ቁራጭ አሳየቻት። «ያውና፣ ቆርጦ አዘጋጅቶም ነበር።»

መርማሪዋ በሩ ጋ ወደቆመው ፖሊስ ዞረች። «ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች።

ጥገና ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወኪሉ በሩ ጋ፣ ፌንጣና ዝምታ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ፣ አሰልጣኙ መሀል ላይ እጁን ኪሱ ከቶ። ብስክሌቱ በጥገና መስቀያው ላይ ተሰቅሏል። እርስ በርስ መተያየት ፈርተው ሁሉም መርማሪዋን ያያሉ።

«ካቻቢቴ ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ጉልበቱ መሰላል አያስወጣውም፤ መሬቱ ጎማ ነው፤ ደሙ የተወለወለው ደግሞ ከዚያ ሞርሳ ላይ ነው። የገደለው ሰው ብስክሌቱን ራሱ አሽጓል። ማነው? መጀመሪያ ወኪሉን ጠረጠርኩ፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።»

«እኔ?!» አለ ወኪሉ።

«አይፍሩ። የራሱ ድርጅት የማይቀበለውን ካርቶን ወኪል ሊመርጥ አይችልም። ትልቁን የመረጠው ትንሿ አውሮፕላን መኖሯን ያላወቀ ሰው ነው። ቀጥሎ ልጆቹን ጠረጠርኩ። አንዷ ቦታዋን ተነጥቃለች፤ ሌላዋ ብስክሌቷ የራሷ ናት። ግን ያሸገው ሰው ጎማ የሌለውን ብስክሌት ሲያዞር ፍሬኑን ጨብጧል። እነዚህን ልጆች ካቻቢቴ ከመጀመሪያ ቀናቸው ጀምሮ እንዲህ እንዳያደርጉ ቆንጥጦ ነው ያሳደጋቸው። ያደረገው በሽቦ ፍሬን ያደገ ሰው ነው፤ እጁ ብስክሌት ሲያገኝ ሳያስበው የሚጨብጥ።»

አሰልጣኙ ሳቀ። «በፍሬን ሰው ይከሰሳል እንዴ?»

«በፍሬን ብቻ አይከሰስም። ለምን የሚለውን ልመልስ። ዘንጉ ቢነቀል ብስክሌቱ በትንሹ ካርቶን ይገባ ነበር። ካቻቢቴም ነቅሎት ነበር፤ ምልክቱ ይናገራል። ገዳዩ መልሶ የሰካው ለምንድን ነው? ክዳን ስለሆነ ነው። ክዳን ያለው ነገር ደግሞ ከሥሩ ዕቃ አለው።»

ዘንጉን ፈታችና ሳበችው። የቱቦው ውስጥ በእጅ ባትሪ ሲታይ ጥቁር ሲሊንደርና ቀይ ሽቦ አንጸባረቀ። ፌንጣ ቀርባ አጎንብሳ አየች፤ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት።

«እግርሽን የሚያግዝ ሞተር ነው» አለቻት መርማሪዋ በለሆሳስ። «እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ከሩቅ የሚያስነሳው ቁልፍ አለው። አሰልጣኝ፣ ከገባን ጀምሮ እጅዎ ከኪስዎ አልወጣም። የመኪናዎን ቁልፍ ይስጡኝ እስቲ።»

«መብት የላችሁም...»

በሩ ጋ የቆመው ፖሊስ ጠጋ አለ። ቁልፉ ወጣ። ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ተንጠልጥላለች፤ ለመኪና በር የምትሆን አትመስልም። መርማሪዋ ጫን አደረገቻት።

ዝዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የፔዳሉ ክንድ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዝግ ብሎ መዞር ጀመረ። ሰንሰለቱም ተከተለ። የኋላው ጎማ ባይኖርም፣ ሰው የሚነዳው ያህል ይዞር ነበር።

አሰልጣኙ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ። «ከስብሰባው ስመለስ ባለቤቴ ‹ፌንጣ ብስክሌቷን ወሰደቻት› አለችኝ። እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። ዘንጉን ነቅሎ ይዞት ቆሟል። ‹አሁኑኑ ለልጄ እነግራታለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። እምቢ ሲለኝ ገፈተርኩት፤ በቃ፣ መግፈተር ብቻ! ሞተሩን ማውጣት አላውቅበትም፤ የገጠመው ሌላ ሰው ነው። ወደሱ ላደርሰው ነበር።»

«በአየር ጭነት መፈተሻ ውስጥ ሊያልፍ ይችል ነበር?» ብላ መርማሪዋ ወኪሉን ጠየቀችው።

«በፍጹም! ሳጥን ሁሉ ውስጡ ይታያል።»

ፌንጣ ግን ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። ዓይኗ የሚዞረው የፔዳል ክንድ ላይ ነው። እንባዋ በጉንጯ ላይ ያለውን ግራሶ እያጠበ ወረደ።

«በማጣሪያው» አለች። «በማጣሪያውም ቁልፏን ተጭነሃታል?»

አሰልጣኙ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ንገረኝ! ጋሼ ሊነግረኝ ብሎ ነው የሞተው፤ አንተ ንገረኝ!»

«ሁለቴ» አለ። «ዳገቱ ላይና መጨረሻው ላይ።»

ፌንጣ ወደ ጠረጴዛው ዞራ እጇን ሞርሳው ላይ ልታሳርፍ ዘርግታ፣ ምን እንደሆነ ትዝ ሲላት ሰበሰበችው። መርማሪዋ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን ልጅቷ ትከሻዋን አደንድና ስለቆመች ተወቻት። ፖሊሱ አሰልጣኙን ይዞት ወጣ። ወኪሉ ሰዓቱን አየና አፍሮ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ብስክሌቷ ማስረጃ ናት፤ አትሄድም» አለች መርማሪዋ። «አዝናለሁ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ ዝምታ ዞረች። «ያንቺ ብስክሌት የት አለች?»

«ውጭ። ለምን?»

«አምጫት። እዚህ ነው የማሽጋት።»

ዝምታ አልተንቀሳቀሰችም። «በዚህ ዓይነት መንገድ አልፈልገውም። አጎትሽ ሞቶ፣ ቦታሽን ሰጥተሽኝ...»

«የምሰጥሽ ቦታ የለኝም። በማጣሪያው ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ፤ የሚነግርሽ ሰው አጥተሽ ነው እንጂ» አለች ፌንጣ። «እኔ ነገ ጋሼን እቀብራለሁ። አንቺ ሂጂ።»

ዝምታ ብስክሌቷን እየገፋች ተመለሰች። ፌንጣ ከግድግዳው ላይ መፍቻ አወረደች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ የግራውን ፔዳል መፍታት ጀመረች።