የአባታችን ፈርን

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ታላቅ እህቴ እጄን ጨምድዳ ይዛ ስትነግረኝ ነው የሰማሁት። በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ቦግ እንዳለች ነበር።

እህቴ የምትሠራው የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ቤት ነው። ወረቀት ላይ የተለጠፈውን ተክል ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደቀጠፈው ከግርጌው አንብባ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች።

የዚያን ቀን የደረሳት የዱር ፈርን ነበር። ጥላና እርጥበት የሚወድ፣ አበባ የማያውቅ ቅጠል።

የመጀመሪያውን ስታይ ፈገግ አለች። የአባታችን የእጅ ጽሑፍ!

አባታችን ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ፈርን ፍለጋ ገደል ወርዶ... የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

«ከገደሉ ሥር፣ ከፏፏቴው አጠገብ» ይላል።

ቀኑን አየችው።

ከጠፋ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ቀኑ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ሁለተኛውን ገለጠች። «ከወንዙ ድልድይ ሥር።» ከጠፋ በአምስተኛው ዓመት።

ሦስተኛው... «ከከተማው መግቢያ፣ ከግንቡ ስንጥቅ።»

ያለፈው ወር።

«ጋሼ...» አለች የክፍሉን ኃላፊ። «ይህን ማን አመጣው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የዕፅዋቱ ሣጥን ቁልፍ ያለው አንቺ ጋ!»

አንድ ወረቀት ቀርቷል። ይሄኛው ፈርን አልደረቀም። አረንጓዴ ነው... ውኃ ያንጠባጥባል።

«ከቤታችን ጓሮ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር። ዛሬ።»

ቀልቧ ተገፈፈ። እማዬ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት!

ደወለች። ጠራ... ጠራ... ተነሳ።

«እማዬ! ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይበልጥ አስጠጋች።

«እማዬ?!»

«ቀስ በይ ልጄ...» አለች እማዬ በሹክሹክታ። «ደክሞት ነው... አሁን ገና ሸለብ አደረገው።»

እህቴ በምን እግሯ እቤት እንደደረሰች አታውቀውም። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ ሰው የለም። አንሶላው ግን በግማሹ ርሶ፣ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር።

«ማን ነበር?» አለቻት እህቴ። እማዬ አንሶላውን ገፍፋ ልታሰጣው ወጣች።

እህቴ ሥራውን ተወችው። እኔ ደግሞ እማዬ ጋ ልኖር ገባሁ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ በበሩ በኩል አየኋት። እንደ ልማዷ የአልጋውን ግማሽ ለቃ፣ ጥጉን ይዛ ተኝታለች። አንድ እጇ ባዶው ቦታ ላይ ተዘርግቷል።

ጠጋ ብዬ አየሁት...

የጣቶቿ መሐል መሐል ተከፍቶ ነበር። የሌላ ሰው ጣቶች እንደገቡባቸው።

እያየሁ... ቀስ ብለው ጠበቅ አሉ።