ስድስተኛው ስፒከር

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ቁጥሮቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታዩኛል።

ቀኑ እሁድ ነበር። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት።

መብራት አልጠፋም። ዝናብ አልነበረም። ውሻ አላላዘነም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ነበር።

አብራኝ የነበረችው እትዬ ናት። ታላቅ እህቴ።

እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤት እጄን ይዛ የወሰደችኝ እሷ ናት። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ እመን ብባል፣ ከራሴ በፊት እሷን ነበር የማምነው።

ቤቱም የእሷ ነበር። ስድስት ዓመት ኖራበታለች። ከዚያ እሁድ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ድንገት ደወለችልኝ።

"ይሄ ቤት ሰፋኝ" አለችኝ። "እኔ ትንሽ አፓርታማ አግኝቻለሁ። አንተ ግባበት።"

"ለምን አታከራዪውም?"

"የራሴ ሰው እያለ?"

ቁልፉን ስትሰጠኝ እጇን ሳምኳት። ከሁሉም በላይ የሚያመኝ እሱ ነው... እጇን መሳሜ።

ሥራዬ ድምፅ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ወይም ቴአትር ሲኖር ማይክና ስፒከር የምዘረጋው እኔ ነኝ። ለራሴም አንድ ቀን ሲኒማ ቤት የመሰለ ሳሎን እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ቤቱ ሲገኝ ጊዜ አላጠፋሁም። አምስት ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሰብዉፈር ይዤ ገባሁ።

ችግሩ ሳሎኑ ነበር።

ሳሎን ብሎ ዝም! አንድ እግሩ አጥሮ የተሰፋ ሱሪ በሉት። ከውጭው በር ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይሄድና መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ወፍራም ምሰሶ ተገትሯል። ከምሰሶው ጀርባ መስኮት የሌለው ጠባብ ጥግ አለ።

ትልልቆቹን ቋሚ ስፒከሮች ትቼ ትንንሾቹን የመረጥኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር ከገባ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይዘበራረቃል።

ቴሌቪዥኑን በሩ ባለበት በኩል አደረግኩት። ሁለት ስፒከሮች ከግራና ከቀኙ በጆሮ ቁመት አቆምኩ። አንዱን ከሥሩ። አራተኛውን ከሶፋው በስተኋላ፣ በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

አምስተኛው አስቸገረኝ። ከኋላ በግራ በኩል ግድግዳ የለማ! ክፍሉ የሚታጠፈው እዚያ ጋ ነው።

"ጥጉ ውስጥ ላግባው ይሆን?" አልኳት እትዬን። ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"እዚያ ቦታ የለም" አለች ቶሎ ብላ።

ጥጉን አየሁት። ባዶ ነው። በርጩማ እንኳ የለበትም።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም።

ስፒከሩን በማቆሚያ ከምሰሶው አጠገብ ተከልኩትና ወደ ልኬቱ ገባሁ።

የዘመኑ አምፕሊፋየሮች አንዲት ትንሽ ማይክ አላቸው። ማይኳን ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ታደርጋላችሁ። ማሽኑ በየተራ በእያንዳንዱ ስፒከር "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ይለቃል። ከዚያ ስንት ስፒከር እንዳገኘ፣ እያንዳንዱም ከማይኳ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጽፋል። ሦስት ጊዜ መለካት አለበት። በዚያ መሃል ኮሽታ አይፈቀድም።

"እትዬ፣ አሁን ሦስቴ እስኪለካ ዝም ማለት ነው" አልኳት።

"እኔ ዝም ማለት ለምጃለሁ" አለች።

ማይኳን ሶፋው ላይ አቁሜ አስጀመርኩት።

ሽሽሽ... ከፊት በግራ።

ሽሽሽ... ከመሃል።

ሽሽሽ... ከፊት በቀኝ።

ሽሽሽ... ከኋላ በቀኝ።

ሽሽሽ... ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ።

ከዚያ ሰብዉፈሩ ወለሉን አንቀጠቀጠው። አለቀ ብዬ ሪሞቱን አነሳሁ።

ሽሽሽ...

ከጥጉ።

ባዶ ጥግ ድምፅ ይመልሳል፣ የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ስክሪኑን አየሁ።

ሰብዉፈሩን ሳይቆጥር ስድስት ስፒከር አግኝቷል። ስድስተኛው... 4.1 ሜትር።

ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። ለእትዬ ምንም አልነገርኳትም። እሷ ከተቀመጠችበት ስክሪኑ አይታያትም።

"ስድስተኛው ስንት ሜትር ላይ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

ዞር ብዬ አየኋት።

"ስድስተኛ አለ ብዬሻለሁ እንዴ?"

"ያልክ መሰለኝ።"

"አላልኩም።"

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "እስቲ ድገመው፣ ሆዴ።"

ደገምኩት። አምስቱ በየተራቸው አለፉ። ሰብዉፈሩም አለፈ። የስድስተኛውን ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩት።

ከስፒከር የሚወጣ ድምፅ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ነው፤ እኩል ይፈሳል፣ አይቆራረጥም።

ይሄኛው መሃል ላይ ቆመ።

ትንፋሽ ሳበ።

እንደገና ቀጠለ...

አንድ ሰው በአፉ እያስመሰለ ነበር።

2.3 ሜትር።

እትዬን ሳያት ከወንበሩ ተነስታ ቆማለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

"እትዬ... እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አለ?"

"ስንት ሜትር አለ?"

"ሁለት ነጥብ ሦስት። እየቀረበ ነው!"

"አንድ ጊዜ ቀርቷል፣ አይደል?"

"ነይ እንውጣ!"

"ጨርሰው የኔ ጌታ። ጀምረህ አትተወው።"

ድምጿን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ መርፌ ልወጋ ስል "አያምም" የምትለኝ በዚያ ድምፅ ነበር።

ታዘዝኳት።

ዕድሜዬን ሙሉ ታዝዣታለሁ።

ከማይኳ አጠገብ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ተጫንኩት።

አምስቱ አለፉ። ሰብዉፈሩ አለፈ።

ጥጉን አፍጥጬ አየሁ።

ምንም።

አሁንም ምንም...

ተመስገን ልል ወደ ስክሪኑ ዞሬ አፌን ስከፍት፣ ግራ ጆሮዬ ሥር...

ሽሽሽ...

ይሞቅ ነበር።

አንገቴ አልዞር አለኝ። ዓይኔ ብቻ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

0.3 ሜትር። ስንዝር ተኩል አይሞላም።

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። እትዬ ግማሽ አካሏ ውጭ ነው። እንባዋ ይወርዳል።

"ስድስት ዓመት ቻልኩት" አለች። "ሌላ ሰው ካልለመደ እኔን አይለቀኝም። የሥራ ባልደረባዬን ሁለት ወር አስገብቼ ሞከርኩ። ዞር ብሎም አላያት። የሥጋ ዘመድ ካልሆነ አይሆንለትም..."

"እና እኔን?"

"ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?"

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የምትጠነቀቅ ነበር የምትመስለው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የአምፕሊፋየሩን ገመድ ከሶኬቱ መንጭቄ ነቀልኩት። ቴሌቪዥኑም ጠፋ።

ድምፁ አልቆመም።

በካልሲ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ግድ አልሰጠኝም። አዲሱን አፓርታማዋን አውቀዋለሁ፤ አልጋዋን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

በሯ ጋ ስደርስ ውስጥ ሬዲዮ ይጮሃል። እሷም አብራ ታንጎራጉራለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

አንኳኳሁ። ማንጎራጎሩ ቆመ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

ሬዲዮው ተቀነሰ።

"ክፈችልኝ። ምንም አልልሽም። አልቆጣሽም። ዛሬን ብቻ አብሬሽ ልዋል።"

እግሯ በሩ ድረስ መጣ። በበሩ ሥር ጥላዋን አየሁት።

"እግዜር ያውቃል እወድሃለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ሁለተኛ ግን እዚህ አትምጣ።"

"ወንድምሽ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ።"

ቁልፉ ከውስጥ አንዴ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ከዚያ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ አለ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረብኝም። ጆሮዬ ሥር የነበረውንም ረስቼዋለሁ። የገደለኝ የዚያ ቁልፍ ድምፅ ነው። ያሳደገችኝ ሴት በእኔ ላይ ሁለት ጊዜ ቆለፈች።

እንባዬን ጠርጌ መውረድ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ዘንቢል ይዘው እያዘገሙ ሲወጡ አገኘኋቸው። ደረጃው ጠባብ ነው። ሲያዩኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፉልኝ።

"እለፉ ልጆቼ፣ እለፉ" አሉ።

አመስግኜ አለፍኩ።

ሦስት ደረጃ ከወረድኩ በኋላ ነው ያሉት የገባኝ።

ዞርኩ።

አሮጊቷ ከግድግዳው አልተላቀቁም። ዘንቢላቸውን መንገድ እንዳይዘጋ ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። እኔን አያዩም። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሽቅብ... በጣም ሽቅብ... ያያሉ።

"ጎንበስ በል ልጄ" አሉ ፈገግ ብለው። "ጣሪያው ራስህን እንዳይመታህ።"

ጣሪያው ከእኔ ራስ በላይ ሦስት ክንድ ይርቃል።