አራት ሽቦዎች

ጡረተኛው መምህር በመመገቢያው ክፍል ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አምፖል እንደ ጨበጡ ተቆልምመው ቀርተዋል። አጠገባቸው የብረት መሰላል ቆሟል፤ ከበላያቸው ሰኞ ዕለት የተሰቀለው አዲስ የጣሪያ መብራት ተንጠልጥሏል። ወለሉ ጠዋት ስለ ታጠበ ገና ርጥብ ነው፤ እግራቸውም ባዶ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቷል።

መርማሪዋ ሰዎቹን ያየቻቸው ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ነው። ሰው ለማየት አትቸኩልም፤ ዕቃ አይዋሽምና።

ቀድሞ ወደ እርስዋ የመጣው የሟቹ ልጅ ባል ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ካላለው ይቆጣል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች በነደፉት የመንገድ ፕላን ላይ ሲፈርም ኖሯል፤ ከብዕር የከበደ መሣሪያ በእጁ አልገባም፤ ይህንም እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ማዕረግ ይቈጥረዋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ እህቴ» አላት። «የገደላቸው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። አስጠርቼልሻለሁ፤ ይኸው በር ላይ በካቴና ቆሟል።»

«ምን አድርጎ ገደላቸው?»

«ሽቦ አምታትቶ ነዋ። መሃይም እኮ ነው፤ ስሙን እንኳ አስተካክሎ አይጽፍም።»

«እጣሪያው ላይ ስሙን አልጻፈም» አለችና አልፋው ወደ በሩ ሄደች።

መርማሪዋ በካቴና የታሰረንም ሰው አንቱ ትላለች፤ ፖሊሶቹ ይህን ልማድዋን አይወዱትም። «ሰኞ እንዴት አድርገው እንደ ሰቀሉት ይንገሩኝ» አለችው።

«ቤቱ አሮጌ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ከኮርኒሱ የሚወጡት አራቱም ሽቦዎች ጥቁር ናቸው። ሁለቱ ከቆጣሪ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይወርዳሉ። ከቆጣሪ ከሚመጡት አንዱ ኃይል ይዞ ይናከሳል፤ አንዱ አይናከስም። የሚናከሰውን በቴስተር ለየሁና እንዳይጠፋኝ ቀይ ናስትሮ ጠመጠምሁበት። ከዚያ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ከሚወርዱት ከአንዱ ጋር አሰርሁት፤ ሌላውን ከመብራቱ ጋር። እንዲያ ሲሆን፣ ሰው ሲያጠፋው እላይ ኃይል አይቀርም።»

«እንዳልቀረ በምን ዐወቁ?»

«አጥፍቼ በቴስተር አየሁ፤ ቀጥሎ በእጄ ነካሁት። ሁልጊዜ እነካለሁ። ከእኔ በኋላ የሚነካው ሰው አለ።»

አንደኛው ፖሊስ ሳቀ። «ይህን ለዳኛው ንገረው። ትንሹ ቅጣት አምስት ዓመት ነው፤ ፈቃድህንም ተሰናበተው።»

ሰውዬው የታሰሩ እጆቹን አየ።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ ቆጣሪውን አስጠፍታ መሰላሉን ወጣች። የመብራቱን የብረት ክዳን ዝቅ ስታደርገው ቀይ የተጠመጠመበት ሽቦ ከመብራቱ ከራሱ ቀይ ሽቦ ጋር ታስሮ አገኘችው። ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚወርዱት ሁለቱ ያለ ቦታቸው በማይናከሰው መስመር ላይ ገብተዋል። ከክዳኑ ጎን፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ኮርኒሱ ላይ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ቆጣሪውን አስበርታ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን እንደ ጠፋ ትታ፣ ባለ ቀዩን ሽቦ በቴስተር ነካችው። ቴስተሩ በራ።

«አላልሁሽም?» አለ ኢንጂነር ከታች። «ጠፍቶም ኃይል አለው። አሁን ምን ቀረ?»

«ጥቂት ቀርቷል» አለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመመገቢያው ክፍል ትይዩ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ከወንድሙ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገረም፤ ይህን ለመርማሪዋ ለመንገር ኢንጂነር ከማንም ቀድሞ ነበር።

«ወንድምዎን ይጠሏቸው ነበር?»

«የሰፋሁለትን ኮት ሰርግ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ አንድ እጅጌው ያጥራል አለኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ደግሞም ያጥራል። የጠላሁት ልክ ስለ ነበር ነው።»

«መብራቱን ነክተዋል?»

«ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው፤ ልጄ። እኔ ከመርፌ ሌላ አልነካም። ወንድሜም ባይነካ ደግ ነበር፤ ያ ጭላንጭል ነው የበላው።»

«የምን ጭላንጭል?»

«ሰኞ ማታ ሲያጠፋው ድርግም ብሎ ጠፋ። ከማክሰኞ ማታ ወዲህ ግን ቢያጠፋውም አምፖሉ እንደ ድመት ዓይን ጭል ጭል ይላል። የክፍሌ በር ስንጥቅ ስላለው አያለሁ። ዛሬ ጠዋት፣ ይህን የተበላሸ አምፖል ካላወጣሁት እያለ መሰላል ሲጎትት ሰማሁት። አኵርፌ ነበርና ዝም አልሁ።»

የሟቹ ልጅ በበኩልዋ ስለ ማክሰኞ ስትጠየቅ ባልዋን አየች። «እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ» አለች።

«ባለቤትዎስ?»

«እሱም... እሱም አልነካውም።»

«ነካ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም» አለች መርማሪዋ።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በመመገቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ከመብራቱ ጋር የተገዛው መንትያው ከነካርቶኑ ተቀምጦ ስለ ነበር አስወጣችው። አጠገቡ አራት ቁራጭ ጥቁር ሽቦዎች ደረደረች፤ የየትኛውን ምንነት በቃል ነገረቻቸው፤ ከቆጣሪ በሚመጣው በአንዱ ላይ ቀይ ጠመጠመች።

«እነዚህ አይናከሱም» አለች። «አስተካክሎ የሚያስር ማን ነው?»

ልብስ ሰፊው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች ልጅቱ።

«ኤሌክትሪሺያኑ እጃቸው ታስሯል። እንግዲህ ያልተማረ ያበላሸውን የተማረ ያሳየን።»

ኢንጂነር ኮቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። «ይኼ እኮ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው» እያለ ባለ ቀዩን ሽቦ አንሥቶ ከመብራቱ ቀይ ሽቦ ጋር አጠማዘዘው። «ቀይ ከቀይ። የቀሩት ጥቁሮቹ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው። ዐየህ፣ አንተ? ይህች አቃተችህ?»

ኤሌክትሪሺያኑ የተሠራውን አየ፤ ከዚያም ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ። ልብስ ሰፊውም ቀና አለ።

«እላይ ያለው ልክ እንደዚህ ነው የታሰረው» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ቀይ ምልክቱ ያረፈው በእውነት በሚናከሰው ሽቦ ላይ ነው፤ በቴስተር አይቼዋለሁ። ምልክቱን ያደረገው ሰው የሚናከሰውን ያውቃል፤ የሚያውቅ ደግሞ በቀጥታ ከመብራቱ ጋር አያስረውም። ስለዚህ ምልክቱ የአንድ ሰው፣ እስሩ የሌላ ሰው ነው። መቼ ተፈታ? ሰኞ ማታ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ጭል ጭል አለ። ማጥፊያው የማይናከሰውን ሽቦ ሲቈርጥ፣ የሚናከሰው እላይ ይቀርና አምፖሉን ያንቀለቅለዋል። ለምን ተፈታ? ባዶዎቹ ቀዳዳዎች መብራቱ አንድ ስንዝር እንደ ተዛወረ ይናገራሉ። ማን ፈታው? ቀለም ከቀለም የሚጋባ የመሰለው ሰው። ሁለቱ አላውቅም አሉ። አንዱ ዐወቀ።»

ኢንጂነር በእጁ የያዘውን ሽቦ አስቀመጠው። «ይህ ማስረጃ አይሆንም። እኔ መሰላል ላይ የምወጣ ሰው እመስላለሁ?»

«አይመስሉም» አለችና ወደ ልጅቱ ዞረች። «እሜቴ፣ ባልዎ ማክሰኞ ምን አሉዎት?»

ልጅቱ የባልዋን ኮት እንደ ታቀፈች ቀና አለች። «አባባ ሰኞ ማታ መብራቱ ከጠረጴዛው መሐል ወጥቷል አለ» አለች። «ኤሌክትሪሺያኑን እንጥራው አልሁ። እሱ፣ እኔ ኢንጂነር እያለሁ አለ። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ መሐል ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት፣ አባባ ገና ወለል ላይ ሳለ፣ እኔ ነካሁት እንዳትዪ አለኝ።»

«ስሕተት ነው» አለ ባልዋ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ማንም ይሳሳታል። ልረዳቸው ብዬ ነው እንጂ ልገድላቸው ብዬ ነው?»

«የማክሰኞው ስሕተት ነው» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት ግን እሬሳ ፊት ቆመው፣ የራስዎ እጅ እንደ ነካው እያወቁ፣ ጣትዎን ወደዚህ ሰው ቀሰሩ። ይህ ስሕተት አይባልም። ፍታው።»

የመጨረሻው ቃል ለፖሊሱ ነበር። ካቴናው ሲወልቅ ኢንጂነር የራሱን እጅ እንዲዘረጋ ሁለት ጊዜ መታዘዝ አስፈለገው፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ለሌላ ሰው የተነገረ መስሎት ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ የእጁን አንጓ አላሸም፤ ማንንም አልረገመም። «ቆጣሪውን አጥፉልኝ» አለ። «ሌላ ሰው ሳይነካው ላስተካክለው።»

መሰላሉን ሲዘረጋ የመሰላሉ እግር ገና ባልደረቀው ወለል ላይ ተንሸራተተ። ልጅቱ ኮቱን ወንበር ላይ ጣለችው፤ ባልዋን አልፋ ሄዳ መሰላሉን በሁለት እጅዋ ያዘችለት።